ዓይነ ርግብ የለበሰው ገንዳ

አክስቴን ደንበኞቿ «እስፒል» ይሏታል። የሙሽራ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሙሽራዋን ቀሚስ ወገብ ስታጠብ ከንፈሯ መሃል እስፒል ደርድራ ነው የምታወራው፤ አንዱም ወድቆባት አያውቅም። ቁመቷ አጠር ያለ፣ ሜትር ከአንገቷ የማይለይ፣ አንድ ነገር ከያዘች ደግሞ የማትለቅ ሴት ናት። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። «እኔ ሰው ጢም አድርጌ ጭኜ በቀይ መብራት ቀጥ እላለሁ፤ እሷን የሚያስቆም መብራት ግን ገና አልተሠራም» ይላል።

የሚኖሩት ከስፌት ቤቱ በላይ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነው። ሳሎኑ ውስጥ፣ ሌላው ሰው ቴሌቪዥን በሚያስቀምጥበት ቦታ፣ የጨው ውሃ ገንዳ አለ። ዓሣዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ የቤቱ ጌቶች ኮራሎቹ ናቸው። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ቆዳው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ተከራይተው ይኖራሉ፤ ከብርሃን ምግብ ይሠራሉ፤ ኪራዩንም የሚከፍሉት ከዚያው ምግብ ነው። አክስቴ ይህን የነገረችኝ ቀን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ብርሃን በልቶ የሚያድር ፍጡር አጠገብ ተቀምጬ፣ ድንጋይ ነው ብዬ፣ ስንት ጊዜ ሻይ ጠጥቻለሁ!

ከሁሉም የምትሳሳላት አንዲት ባለ ቅርንጫፍ ኮራል ናት። የገንዳ ዓሣ የሚሸጥላትን ሰውዬ ልጅ ልትለካ ቤታቸው የሄደች ዕለት፣ ሰውየው ገንዳውን ሲያጸዳ የተሰበረች፣ ከጥፍር የማትበልጥ ቁራጭ ሰጣት። ያኔ ሐምራዊ ነበረች። አክስቴ ቤት ገብታ አደገች፤ መዳፍ አከለች፤ ቀለሟ ግን እየጠለሸ ሄዶ ቡኒ ሆነች። ዓሣ ሻጩ ምክንያቱን ነገራት፦ ብርሃን ያነሳት ኮራል ያለችውን ጭላንጭል እንዳታባክን አልጌዋን ታበዛለች፤ አልጌው ሲበዛ ደግሞ ቡኒ ያደርጋታል። ሌላ ሰው ቢሆን «ዋናው ጤና ነው» ብሎ ይተወው ነበር። አክስቴ ግን በቀለም አትደራደርም። አንድ ጊዜ ነጭ ክር አልቆባት በክሬም የጨረሰችውን ጠርዝ፣ ማንም ሳያይባት፣ ሙሉውን ፈትታ እንደገና ስትሰፋ በዓይኔ አይቻለሁ።

«ሐምራዊ ተሰጥቶኝ ቡኒ አድርጌ አልቀርም» አለች። ከዓሣ ሻጩም ጠንካራ መብራት ወሰደች። ሰው ሲጠቀምበት የኖረ መብራት ነው፤ ማብሪያና ማጥፊያ እንጂ ማደብዘዣ የለውም። ልትሰቅለው ስትል ግን ሌላ ከተማ ሄዳ ሙሽራና ሚዜዎች የምታለብስበት ሥራ መጣባት።

«እስክመጣ እንዳትነካው» ብላ ባሏን አስጠንቅቃ ሄደች።

እሱ ግን ሊያስደስታት ፈለገ። ሰቀለው፤ አበራው፤ ሳሎኑ ቀትር መሰለ። እስክትመለስ ድረስም በየቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ አበራው።

ስትመጣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ገንዳው ፊት ቆመች። የቅርንጫፎቹ ጫፎች እንደ ጥርስ ነጥተው ነበር።

«ማን ነው የሰቀለው?»

«እኔ ነኛ! ቤቱ እንዴት እንዳማረበት አታይም?»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሄድሽበት ቀን። እንደውም እነ ጥሩምባን እሑድ ጠርቻቸዋለሁ፤ ይዩልን ብዬ።» ጥሩምባ የሥራ ጓደኛው ነው፤ ድምፁ ከአውቶቡሱ ይበልጣል።

አክስቴ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደገፈች። «አቃጠልካት።»

«እንዴ! ውሃ ውስጥ ያለ ነገር ደግሞ እንዴት ብሎ ይቃጠላል?»

«ዕድሜዋን ሙሉ ጥላ ውስጥ የኖረችን ድንገት ፀሐይ ላይ ጣልካት። አልጌዎቿን ተፍታቸዋለች። ይሄ ነጩ አጥንቷ ነው፤ በቆዳዋ አልፎ ነው የሚታየው። የምትበላው የላትም አሁን።»

ሾፌሩ ፊቱ ተለዋወጠ። ወዲያው ወንበር ላይ ወጣ። «በቃ፣ አወርደዋለሁ። አሮጌውን እመልሰዋለሁ።»

«ውረድ ከዚያ።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ውረድ አልኩህ። ወደ ጨለማ አልመልሳትም። ከዚህ መብራት ጋር ትላመዳለች፤ ግን በእሷ ፍጥነት። ባንተ አይደለም።»

ዓሣ ሻጩ ጋ ደወለች። «እህቴ፣ ሥጋዋ ላይ ሣር የመሰለ አረንጓዴ ነገር ከበቀለ አልቋል፤ ያ የሚበቅለው በሞተ ላይ ነው» አላት። «ካልበቀለ ግን ተስፋ አላት። ወደ ታች አውርጃት፤ ብርሃኑን ሸፍኚው፤ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ግለጪ።»

በምን እንደምትሸፍነው አልጠየቀችም። ታች ወርዳ ለሙሽሮች ዓይነ ርግብ የምትቆርጥበትን ስስ ወንፊት ጨርቅ ጥቅል ይዛ ወጣች። ከቬሎ ሥር ቀሚሱን ነፋ የሚያደርገውን በፕላስቲክ የተሸፈነ የሽቦ ቀለበት አራት ማዕዘን አድርጋ አጠፈችው፤ ጨርቁን ድርብርብ አድርጋ ወጠረችበት። በእስፒል አላያያዘችውም፤ ጨው ያዝገዋል። ለልክ ሙከራ እንደምትሰፋው በላላ ስፌት፣ አንዱ ክር ሲሳብ አንዱ ድርብ ብቻ እንዲለቅ አድርጋ ሰፋችው። በመብራቱና በውሃው መካከል ስታንጠለጥለው ሳሎኑ ደበዘዘ። ኮራሏን አሸዋው ላይ አወረደቻት፤ መብራቱ የሚበራበትንም ሰዓት አሳጠረችው።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ክሩ ነው። ዓይን ይላመዳል፤ በየቀኑ የሚያየውን ነገር መንጣቱን ወይ መጥቆሩን አይለይም። አክስቴ ይህን ከሙያዋ ታውቀዋለች። ስለዚህ የክር ሳጥኗን አመጣች፤ ያው ብርሃን እንዲያርፍበት ክሩን ከኮራሏ ትይዩ መስታወቱ ላይ እያስጠጋች፣ ከዛሬዋ ኮራል ጠቆር የሚለውን አንድ ክር መረጠች። ከእስክሪብቶ ክዳን ላይ ጠምጥማ ገንዳው ጎን አኖረችው።

«ከዚህ ክር ከነጣች ምንም አልገልጥም» አለች። «እሱን ካከለች ወይ ከጠቆረች አንድ ድርብ አነሳለሁ።»

«ሰው ግን ለእሑድ ተጠርቷል» አለ ሾፌሩ ቀስ ብሎ።

«ይምጣ። ሰው አልከለከልኩም።»

በዚያ ሳምንት ኮራሏ ከክሩ እንደነጣች ነበረች። አክስቴ ጠዋት ታያለች፤ ክሩን ታስጠጋለች፤ ትተወዋለች። ከውሃው የሚረጨው ጨው ጨርቁ ላይ እየደረቀ ሲያደነድነው አውርዳ በንጹህ ውሃ ታጥበዋለች፤ መልሳ ትሰቅለዋለች። ሾፌሩ ከሥራ በገባ ቁጥር መጀመሪያ የሚያየው ጨርቁን ነው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አሉ» ብሎ አንድ ማታ ተነፈሰ።

«እሱም ታቅፎ የሚቆይ ሲያገኝ ነው» አለችው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እኔም እዚያው ሳለሁ፣ ጥሩምባና አንድ ዝምተኛ ትኬት ቆራጭ መጡ። ጥሩምባ ገና ከደረጃው ሳይወጣ ይጮህ ነበር። ገባ፤ ገንዳውን አየ፤ ዘወር ብሎ ሾፌሩን አየ።

«ያወራህልን ባሕር ይሄ ነው? አንተ ሰውዬ፣ እኔ እኮ የዋና ልብስ ይዤ ልመጣ ነበር! ይሄን ሁሉ ወር ጆሯችንን ያደነቆርከው በዚህ ነው?»

«ሙሽራ ናት፤ ተሸፋፍና ነው» አለ ሾፌሩ። ሳቁ ግን የሳቅ አልነበረም።

«ሙሽራም ለፎቶ ትገለጣለች!» ጥሩምባ እጁን ወደ ጨርቁ ሰደደ። አክስቴ ከኋላው መጥታ የእጁን አንጓ ያዘችው።

«ወንድሜ፣ እጅህን።»

«ኧረ ለአንድ ደቂቃ ነው! አንድ ደቂቃ ይገድላታል?»

«አይገድላትም። ግን ዛሬ ላንተ አንድ ደቂቃ፣ ነገ ለሌላው አንድ ደቂቃ እየተባለ፣ በሦስተኛው ቀን ባሌ ራሱ ‹እስካሁን ምን ሆነች?› ብሎ ሙሉ ቀን ይገልጣታል። የምፈራው አንተን አይደለም፤ እሱን ነው የማውቀው።»

ትኬት ቆራጩ በሳቅ ሻዩ አነቀው። ጥሩምባም ሳቀ፤ ግን አልተወም። «እሱ ምን አድርጎ ነው?»

አክስቴ የባሏን ጉድ አታወራም። ሾፌሩ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ያቃጠልኳት እኔ ነኝ» አለ። «አትንካ ተብዬ ነካሁ። ታምርላችሁ ብዬ ነው። ጨርቁን ተወው፣ ጥሩምባ።»

ጥሩምባ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይቅርታ፣ እህቴ» አለና ተቀመጠ። ሌላ ሻይ ተቀዳ። ወሬው ወደ መሥሪያ ቤታቸው፣ ወደ አዲሱ ተቆጣጣሪ ሄደ። የመብራቱ ሰዓት ሲያልቅ አክስቴ አጠፋችው፤ ሳሎኑ ውስጥ የቀረው የመስኮቱ ምሽት ብቻ ሆነ።

ትኬት ቆራጩ ገንዳው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ቆይቶ ነበርና ድንገት፣ «ይሄ ነገር ፀጉር ያበቅላል እንዴ?» አለ።

አክስቴ ደነገጠች። የቱ ጋ እንደቆመች አይቻለሁ፤ እንዴት ገንዳው ጋ እንደደረሰች ግን አላየሁም። «ምን ዓይነት ፀጉር? አረንጓዴ ነው?»

«እኔ እንጃ። ጨልሟል እኮ።»

ተንበረከከች። ሾፌሩም አጠገቧ ተንበረከከ፤ የስልኩን መብራት አብርቶ በመዳፉ ሸፈነው፤ ጣቶቹ መሃል ቀይ ሆኖ የሚያልፈውን ብቻ ወደ ውሃው አስጠጋ። ከነጡት ቅርንጫፎች ላይ፣ ከእያንዳንዷ ቀዳዳ፣ ከመርፌ ዓይን የቀጠኑ ትንንሽ እጆች ወጥተው በውሃው ይወዛወዙ ነበር። ከተቃጠለች ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልዘረጋቻቸውም ነበር።

«ሣር አይደለም» አለች አክስቴ። ድምፅዋ ከውስጧ ወጣ። «እጆቿ ናቸው። ምግብ ፍለጋ ወጥተዋል። ነፍስ አላት።»

ጥሩምባ ወለሉ ላይ በሆዱ ተኝቶ አየ። «ኧረ ጉድ» አለ። አራት ጎልማሳ ሰዎች በአንድ ሾፌር ጣቶች ብርሃን የድንጋይ እጅ ያያሉ፤ ዓለም ስንት ነገር ደብቃ ኖሯል አልኩ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሁሉ የልብስ ሰፊ ሥራ ነው። ኮራሏ ክሩን አከለች፤ አክስቴ አንድ ክር ስባ አንድ ድርብ አነሳች፤ ከአዲሱ ቀለም ጠቆር ያለ ሌላ ክር መረጠች። አንዴ ተሳስታ ቶሎ አነሳች፤ ኮራሏ ገረጣች። አላለቀሰችም፤ ማንንም አልተቆጣችም። የፈታችውን ድርብ በዚያው ጠዋት መልሳ ሰፋችው፤ ባሏ አሮጌው መብራት ይሻላል የሚል ፊት ሲያሳያት «አንድም ጊዜ ያልተፈታ ስፌት ልኩ አይታወቅም» ብላ ወደ ሥራዋ ወረደች። ኮራሏም ከአሸዋው ወደ ታችኛው ድንጋይ፣ ከታችኛው ወደ መካከለኛው ወጣች።

የመጨረሻው ድርብ የተነሳው ከወራት በኋላ፣ ሾፌሩ እረፍት በሆነበት ቀን ነው። አክስቴ ክሩን ሳበችው፤ ባዶውን ሽቦ አወረደችው። መብራቱ ያለ ምንም ከልካይ ውሃው ላይ ወደቀ። የቅርንጫፎቹ ሥር ገና ቡኒ ያደላበት ነው፤ አዲስ ያደጉት ጫፎች ግን ሐምራዊ ናቸው።

«ይኸው! ሐምራዊ!» አለ ሾፌሩ።

«ጫፏ ነው።»

«ጫፍም ቀለም ነው እኮ!»

«እስከ ሥሯ ይወርዳል። እጠብቃለሁ።»

ወንበር ሳበችና ገንዳው ፊት ተቀመጠች። ትንንሾቹ እጆች በሙሉው ብርሃን ውስጥ እንደተዘረጉ ነበሩ፤ አንዱም ወደ ውስጥ አልገባም። ከታች የስፌት ቤቱ ደወል ተደወለ፤ አልሰማችም፤ ወይ ሰምታ ተወችው።

«ምሳስ?» አላት።

«ራስህ አሙቅ። መብራቱ እስኪጠፋ ከዚህ አልነሳም።»

ወደ ማድ ቤት ገባ። ሳህን ሲንኳኳ፣ ማሰሮ ሲከደን ተሰማ። ሲመለስ ሁለት ሳህን ይዞ ነበር፤ ሌላ ወንበር በእግሩ እየገፋ አመጣና ከጎኗ ተቀመጠ።