ፓላዲየም የተባለው ሽማግሌ

ዛሬ አባቴን በኬሚስትሪ አሳቅኩት፤ ያውም እንባው እስኪመጣ።

ስንት ጊዜ እምቢ ያለኝ ሪአክሽን ዛሬ ላብራቶሪ ውስጥ እሺ ብሎኝ፣ ደስ ብሎኝ ገርጂ ቤት ስገባ አባቴ ሱፉን እንደለበሰ አኩርፎ ሶፋ ላይ ተቀምጧል። ለጎረቤታችን ልጅ ሽማግሌ ሆኖ ተልኮ ሩዋንዳ ሰፈር ሄዶ መመለሱ ነው።

«ያንቺስ ሥራ እንዴት ዋለ?» አለኝ።

«እኔም ሽማግሌ ልኬ ነው የዋልኩት አባዬ። ሁለት ሞለኪውሎችን የሚያጋባልኝ ፓላዲየም የሚባል ብረት ነው። አጣምሯቸው ይወጣና ወደ ሌሎቹ ይሄዳል።»

«ጎበዝ ሽማግሌ ነው።»

«ችግሩ፣ አንደኛዋ ሙሽራ ድኝ አለባት። ፓላዲየም ደግሞ ድኝ ካገኘ እዚያው ተጣብቆ የተላከበትን ይረሳል። ዛሬ ግን ድኙን የሚከላከልለት ግዙፍ ሞለኪውል ጓደኛ አድርጌ አብሬ ላክሁ። ሠራ!»

የሳቀው እዚህ ላይ ነው።

ለካ አብረውት የተላኩት ጋሽ ከበደ፣ የልጅቷ ቤተሰብ መልስ ሳይሰጥ ዶሮ ወጡን ጀምረውት ኖሯል! «እሺ ሳትሉን እህል አንቀምስም» ማለት የሽማግሌ ጉልበቱ አይደል? ቤተሰቡም አብልቶ፣ «እስቲ እናስብበት» ብሎ ሸኛቸው።

«በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንመለስ» አለኝ አባቴ እንባውን እየጠረገ፣ «ያንን ግዙፉን አውሺኝ። ከበደና ወጡ መሃል አስቀምጠዋለሁ።»

እስከ ዛሬ ለሰው «ልጄ መድኃኒት ነገር ትቀምማለች» ነበር የሚለው።

የእናንተስ ሥራ ለቤተሰብ የገባው በምን ምሳሌ ነው? ኮመንት ላይ አጫውቱኝ። ብቻ ጋሽ ከበደን ታግ እንዳታደርጉ።