እስከ ሰባት መቁጠር

ለሦስት ዓመት የተሳሳተ ጥያቄ ስጠይቅ ኖሬያለሁ። እንጀራዬ መጠየቅ ስለሆነ ይህን ማመን ቀላል አይደለም።

የተወለድኩት ጆሃንስበርግ ነው። እናቴ እዚህ አገር ከለርድ ከሚባሉት ቅይጥ ወገኖች ናት። አባቴ ከደቡብ ኢትዮጵያ መጥቶ እዚሁ ከተማ፣ ቤሪያ ሰፈር ልብስ ይሸጥ ነበር። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ታሞ ሞተ፤ የአገሩ ሰዎች አዋጥተው አስከሬኑን ወደ ቤተሰቡ ላኩት። እኛ ዘንድ የቀረው አንድ ፎቶግራፍና በመታወቂያዬ ላይ ያለው ስም ነው። አማርኛውን የተማርኩት አድጌ፣ ለዘገባ ከምመላለስባቸው ሱቆች ነው።

ዘመዶቹን አግኝቼ «የእሱ ልጅ ነኝ» ለማለት ስቆርጥ በዚያ ስም ጀመርኩ። እዚህ የቤተሰብ ስም ከአባት ወደ ልጅ ስለሚወርድ፣ ያገኘሁትን ኢትዮጵያዊ ሁሉ «ይህ ስም ያለው ቤተሰብ ታውቃለህ?» እል ነበር። የሚያውቅ ጠፋ።

ሮዘተንቪል ሰፈር እድር የሚመሩ አንድ ባለሱቅ ሽማግሌ ስሙን ሰምተው ሳቁ።

«ጋዜጠኛ ነኝ አላልሽም እንዴ? ይሄ እኮ የአያትሽ ስም ነው! በአንድ ሰው ስም የሚጠራ ቤተሰብ ከየት ይመጣል? እኛ ከራሳችን ተነስተን ወደ ላይ ነው የምንቆጥረው፤ እስከ ሰባት። በይ ቁጠሪ።»

አባቴንና አያቴን ጠርቼ ቆምኩ።

«ሁለትማ የልጅ ልጄም ትቆጥራለች፤ ገና አራት ዓመቷ ነው።»

ፎቶግራፉን ሲያዩ ግን ሳቃቸው ቆመ። አስከሬኑን ከሸኙት አንዱ እሳቸው ነበሩ። የአክስቴን ስልክ አፈላልገው ሰጡኝና «ከዚህ የሚደውል ሁሉ መሬት ሊካፈል ነው ይላሉ። እንዳይከፋሽ» አሉኝ።

አክስቴ አልተቆጡም፤ ግን አላመኑኝም። አማርኛ ለሁለታችንም የተዋስነው ቋንቋ ነበርና ቀስ ብለን ተነጋገርን።

«የልደት ወረቀት አለኝ» አልኩ።

«ወረቀት ይገዛል» አሉ። «በየትኛው እጁ ነበር የሚበላው?»

«በግራው። እንግዳ ሲመጣ ብቻ በቀኙ።»

ሲያለቅሱ ሰማሁ።

«እናታችን ለዚያ ስንት ጊዜ መታችው መሰለሽ። ያዢ፣ ጻፊ የወንድሜ ልጅ።»

ሰባቱንም ጻፍኩ። በአንድ ምንጭ ዘገባ አልጽፍም፤ ስለዚህ የአባቴ አጎት ዘንድም ደወልኩ። ስድስተኛው ስም ላይ ከአክስቴ ጋር ተለያዩ። ሁለቱን በአንድ መስመር አገናኘኋቸው።

«አጎቴ፣ እርስዎ እኮ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ነው የሚያምታቱት!»

«አንቺ ደግሞ መች ተወለድሽና!»

ጣልቃ አልገባሁም። በሳምንቱ አጎትዬው ከእሳቸው የሚበልጡ ጎረቤት ጠይቀው ተመለሱና «እሷ ናት ልክ» አሉ። የዚያን ጊዜ ስድስተኛውን በእስክሪብቶ አደመቅኩት።

እሁድ ምሳ ላይ ሰባቱንም ለእናቴ በቃሌ ቆጠርኩላት። ሹካዋን አስቀምጣ እስክጨርስ አዳመጠችኝ።

«የእኔስ?» አለች።

«ቁጠሪያ።»

«እናቴ፣ አያቴ። ከዚያ በላይ የለኝም። አያቴ በአፓርታይድ ዘመን ከለርድ ተብላ ስለተመዘገበች፣ እንዳይደርሱባት ጥቁር እናቷን ቤት ውስጥ እንኳ እንዳናነሳት ከለከለችን። ስሟን ማንም አልነገረኝም። አሁን ማን ያውቀዋል ብለሽ ነው?»

አዲስ ገጽ ገለጥኩ። ከላይ እሷን፣ ቀጥሎ እናቷን፣ ከዚያ አያቷን ጻፍኩ። አራተኛውን መስመር ባዶ ተውኩት፤ በግምት የምሞላው አይደለም።

ሰኞ ጠዋት የድሮ ምዝገባ የሚቀመጥበት መዝገብ ቤት ሲከፈት በሩ ላይ ነበርኩ። ሠራተኛዋ ቅጹን አቅርባ የምፈልገውን የቤተሰብ ስም ጠየቀችኝ።

«የቤተሰብ ስም አይደለም የምፈልገው» አልኳት፤ ገጼ ላይ ሦስተኛውን ስም እያሳየኋት። «የዚህችን ሴት እናት ነው።»

ጊዜ ይወስዳል አለችኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።