የእናቴ ጥቁርና የአዴ ጥቁር

አሁን በምኖርበት የአረብ አገር ሴቱ ሁሉ ጥቁር ይለብሳል። ለገበያም ጥቁር፣ ለሰርግም ጥቁር። በመጣሁ ሰሞን አሠሪዬን ተከትዬ አንድ ሰርግ ቤት በር ላይ ስደርስ፣ ያን ሁሉ ጥቁር አይቼ “እግዜር ያጽናችሁ” ልል ነበር፤ ከአፌ መለስኩት። ከዚያ ሳቄ መጣ። አሠሪዬ ምን እንዳሳቀኝ ጠየቀችኝ። እንዴት አድርጌ ላስረዳት? ጅማን ማወቅ ነበረባት፤ እናቴንና አዴን ማወቅ ነበረባት።

እኛ ቤት ጥቁር ክፉ ቃል አልነበረም። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ መምህር ስለነበር እንጀራችን የሚወጣው ከጥቁር ሰሌዳ ነበር። እናቴ ጥቁር አዝሙድ ካልገባበት ዳቦ ጋገርኩ አትልም። የማናውቀው ሰው በምሳ ሰዓት በራችንን ሲያንኳኳ “ጥቁር እንግዳ መጣ!” ብለን የምንሮጠው ደስ ብሎን ነው። የተሰጣው ቀይ ቡና ጠቁሮ ሲንኮሻኮሽ፣ ደረሰ ይባላል። በጋው ሲረዝም ደግሞ ከተማው ሁሉ ቀና ብሎ ጥቁር ደመና ይጠብቃል፤ እሱ ካልዘነበ ቡናው አያብብማ። አባቴ ራሱ ጥቁር ነበር፣ ጥርት ያለ ጥቁር። ጎረቤቶቻችን በኦሮምኛ “ጉራቻ” ይሉታል፤ ሲጠሩት ደስ እያላቸው ነው።

እሱ ሲሞት እናቴ ከገበያ ጥቁር ቀለም ገዝታ መጣች። ቀሚሶቿን፣ የቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን ሳይቀር፣ በትልቅ ድስት ቀቅላ አጠቆረቻቸው። ከዚያ ወዲያ በቤታችን ጥቁር ማለት አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ሙት ዓመቱ ወጣ፤ አላወለቀችም። የነፍስ አባታችን “ልጄ፣ ይበቃል፣ ሐዘንም ልክ አለው” አሏት። “እሺ አባቴ” ብላ መስቀል ተሳለመች፤ አላወለቀችም።

በሁለተኛው ዓመት ታላቅ እህቴ ታጨችና ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ተቆረጠ። እህቴ እቅጩን ተናገረች።

“እናቴ ጥቁር ለብሳ እኔ ቬሎ አልለብስም። ይቅርብኝ።”

“ጥቁር ለብሼስ ብመርቅሽ ምርቃት አይደለም?” አለች እናቴ።

“አይደለም።”

እኔ መሐል ሆኜ እመቤታችንን ለመንኩ። ጾሙ ገብቶ ስለነበር ስግደቴንም ጨመርኩ፤ እናቴን አስወልቂልኝ እያልኩ።

አዴ በአጥር የምንዋሰናት ሙስሊም ጎረቤታችን ናት። እውነተኛ ስሟ ሌላ ነው፤ ወደ ጅሬን በሚያወጣው መንገድ ግራና ቀኝ ያለ ልጅ ሁሉ ግን አዴ፣ በኦሮምኛ እናት እንደማለት፣ ነበር የሚላት። በዚያ ሰሞን ሴት ልጇ ከአረብ አገር አባያ ልካላት ነበር። ጥቁር ሆኖ፣ እጅጌው ዙሪያውን በወርቃማ ክር ተጠልፏል። አዴ እሱን ስትለብስ አካሄዷ ራሱ ይለወጣል።

አንድ ሐሙስ ያን አባያ ለብሳ ወደ ዘመዷ ሰርግ ስትሄድ እናቴን እስከ ሂርማታ ገበያ ሸኘቻት። እኔ ዘንቢል ይዤ ከኋላ ነኝ። ከሸቤ ማር እያመጣች የምትሸጥልን ሴትዮ ሁለቱን ጥቁር ለባሾች ጎን ለጎን ስታይ ማሯን ትታ ተነሣች። እናቴን ድሮ አጽናንታታለች። ስለዚህ አዴ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

“ውይ እህቴ! ማን ሞተብሽ?”

“ኧረ ሴትዮ፣ ልቀቂኝ! እኔ ሰርግ ነው የምሄደው!”

“ወይኔ፣ ሐዘኑ አእምሮዋን ነክቷታል!” አለችና ጭራሽ ባሰባት። በዙሪያው ያሉት ሻጮችም ከንፈራቸውን መጠጡ።

በማግስቱ አዴ በዚያው አባያ ቤታችን መጣች። በእጇ ፌስታል አለ። ሳትቀመጥ ጀመረች።

“ስሚ አንቺ፣ ይሄ ጥቁር የኔ ነው። የደስታዬ ልብስ ነው። አንቺ ነሽ ያበላሸሽብኝ! ወላሂ፣ ትናንት ሰርጉ ላይ ሁለት ሰው አጽናናኝ። ወይ አንቺ አውልቂ፣ ወይ እኔ አውልቄ ለልጄ ልመልስላት።”

እናቴ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት። ግን ቀሚሷን ጨበጠች።

“ይህን ካወለቅሁ ከሱ ምን ይቀረኛል?”

አዴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “እኔ የማውቀው ጉራቻ ከትምህርት ቤት የሚመጣው ነጭ ሆኖ ነው። ትከሻው፣ እጅጌው፣ ጢሙ ሁሉ ጠመኔ! አንቺ አይደለሽ በር ላይ አቁመሽ ኮቱን የምታራግፊው? እኔ በአጥር አይ የለ? አቧራው ወደኔ ቤት ይመጣ የለ?”

እናቴ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማኋትም። ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ደግሞ እያለቀሰች ሳቀች። “ቁም ስለው አይቆምም እኮ” አለች። አዴ ፌስታሉን ከፍታ የእድሩ ሴቶች አዋጥተው የገዙትን ነጭ ቀሚስ አወጣች። እናቴ ይዛው ጓዳ ገባች። ስትወጣ እህቴ እግሯ ላይ ወደቀች፤ እኔም “ስምሽ ይመስገን እመቤቴ” ብዬ ግንባሬን መሬት አስነካሁ።

ሰርጉ ደረሰ። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለብቻ ታርዶ ለብቻ ተሠርቷል፤ እናቴ ግን አዴን ከጎኗ አልለየቻትም። ነጭና ጥቁር ሆነው ድንኳኑ በር ላይ እንግዳ ይቀበላሉ። አንድ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ መጡ። ከአሰንዳቦ ነው፤ የአባቴን መሞት ዘግይተው ሰምተው፣ ሰርጉ ላይ እደርሳለሁ ብለው የመጡ የጥንት ወዳጁ ናቸው። ሁለቱን ሴቶች አዩና ኮፍያቸውን አውልቀው አዴ ፊት ቆሙ።

“እግዜር ያጽናሽ ልጄ። የመምህሩ ባለቤት አንቺ ነሽ አይደል?”

አዴ ሁለት እጇን አነሣች። “ያ ረቢ! አሁንም እኔ? ሚስቱ ያቻትና፣ ነጯ!”

እናቴ እንባ እስኪወርዳት እየሳቀች የሽማግሌውን ክንድ ያዘች።

“እኔ ነኝ አባቴ። አጽናንቶኛል። ይግቡ፣ ልጅዎ ናት የምትዳረው።” ከዚያ ወደኛ ዞራ በዚያ በድሮው ድምፅዋ ተጣራች። “ልጆች! ጥቁር እንግዳ መጥቷል፣ መቀመጫ አምጡ!”