የኦቦ ለማ ኮምፒውተርና ያልተነካው ስንዴ

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሲበራ የተቃጠለ አቧራ ሸተተን። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ የኦቦ ለማ ሳሎን ሽታ ነው።

ኦቦ ለማ ቡራዩ ሳለን አከራያችን ነበሩ። ሥራቸው ሚኒባስ መንዳት ነው። ልጃቸው አዳማ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ኮምፒውተሩን ትቶላቸው ሄደ፤ እሳቸውም ከነጌሙ ወረሱት። ጌሙ ከተማ መሥራት፣ ጦር ማሰልጠንና ጠላት ሲመጣ መመከት ነበር።

አዲስ አበባን ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ላይ ተቃውሞ ተነስቶ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ሚኒባሷ ግቢ ትቆማለች፤ አዲስ አበባ መጋዘን የሚሠራው አባቴ ከሥራ፣ እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት እንቀራለን። ከአስፋልቱ በኩል የጎማ ጭስ ይመጣል። ትልልቆቹ ማን እንደታሰረ በሹክሹክታ ይጠያየቃሉ። ሹክሹክታው ሲከብዳቸው ኦቦ ለማ፣ «ኢጆሌ፣ ኑ! እኛም የራሳችን ጦርነት አለን» ብለው ልጆቹን ይጠሩና ኮምፒውተሩን ያበራሉ።

ጌሙ ውስጥ ያለው ከተማቸው ዙሪያውን በስንዴ ማሳ የተከበበ ነው። የጦር ሰፈር የሚሠራበት ቦታ ለማግኘት ማሳውን ማፍረስ ግድ ነው። እሳቸው ደግሞ ወይ ፍንክች! «ላፋ ቆቴ ቡላ ሂን ቱቁ፤ የገበሬ መሬት አልነካም።» ከጓሯችን ጀርባ ያለችው የአባታቸው የጤፍ ማሳ ለአዲስ አበባ ልትወሰድ ነው የሚል ወሬ እንቅልፍ ነስቷቸው ስለነበር ማንም አይስቅባቸውም። አባቴ ብቻ አያስችለውም።

«ኦቦ ለማ፣ ከተማ መሬት ሳይበላ አያድግም።»

«ያድጋል! አሳይሃለሁ።»

ማሳየቱ ግን አልሆነም። ሁልጊዜ ይሸነፋሉ፤ ጥፋቱም ሁልጊዜ የኮምፒውተሩ ነው። እውነት ለመናገር ወታደሮቻቸው ዳገት ላይ እንደ ጭነት መኪና ይንፏቀቁ ነበር።

ለኦቦ ለማ ኮምፒውተርም መኪና ነው። መጀመሪያ ሲፒዩውን ታቅፈው ጎሚስታ ቤት ወሰዱትና በጎማ መንፊያው አስነፉት። የወጣው አቧራ ጎሚስታውን ሲያስነጥሰው ዋለ። ለውጥ የለም። ቀጥሎ ክዳኑን አውልቀው ቬንትሌተር ደቀኑበት፤ ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ «ለእኔ እንኳ እንዲህ አስበህልኝ አታውቅም» ብለው አኮረፉ። በመጨረሻ መንገድ በተከፈተች ቀን መርካቶ ወርደው ኮምፒውተር ያፈጥናል የተባለ አዲስ ራም ገዙ። ሲመለሱ መንገዱ እንደገና ተዘግቷል። ሚኒባሷን አስኮ አቁመው፣ ራሙን ባርኔጣቸው ውስጥ ደብቀው፣ በእግራቸው ቡራዩ ገቡ።

አባቴ አሮጌውን ራም አውጥቶ አዲሱን ገጠመ። ግቢው በሙሉ ተሰበሰበ። ወታደሮቹ መሮጥ ጀመሩ! «ጋሪ ዳ! ጎሽ!» እያሉ ኦቦ ለማ ጭናቸውን መቱ። ወዲያው ግን ከተራራው ማዶ ጠላት ብቅ አለ፤ እሱም ይሮጣል። ለካ ያ ሁሉ ጊዜ ኮምፒውተሩ ጠላትንም ጭምር ሲጎትትልን ኖሯል። የተቀዳልን ሻይ ሳይበርድ ከተማው ነደደ፣ ስንዴው ተረገጠ።

ኦቦ ለማ አልተቆጡም፤ ኮምፒውተሩንም አልወቀሱም። እጃቸውን አጣጥፈው የተረገጠውን ማሳ ብቻ አዩ። አንጀቴን በሉት። አባቴ ክርክሩን አሸንፏል፤ አሁን ይተርባቸዋል ብለን ጠበቅን። እሱ ግን ተነስቶ ኮምፒውተሩን አጠፋ፤ ክዳኑን ከፈተና አዲሱን ራም ነቅሎ አሮጌውን መለሰ።

«በዚህኛው ይሞክሩት፣ ኦቦ ለማ» አለ።

«አዎ» አሉ ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠግተው፣ «ይሄኛው ሰው ያከብራል።»

ያን ቀን ከተማው እስከ ራት ሳይወድቅ ቆየ።

ኦቦ ለማ ካረፉ ቆዩ። እኔ እንዲያ ዓይነቱን ጌም አሁን በፈጣን ላፕቶፕ እጫወታለሁ። የጦር ሰፈር ልሠራ ስል ማሳው ይፍረስ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። ባሌ ከኋላዬ ሆኖ «አፍርሺው እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ!» እያለ ይነዘንዘኛል። እጄ እምቢ ይለኛል። እስካሁን አንድም ጊዜ አሸንፌ አላውቅም።