ድሮኔና የሐጂ የውሃ ታንከር

ቁጡ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ባለቤቴ ጽሑፉን ስታነብ «ዋናውን ነገር ደብቀሃል» እንዳትለኝ ነው። ዕድሜዬ ሃምሳ ሁለት ነው፤ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ የተወለድኩትም የምኖረውም ጉለሌ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተራራና ሸለቆ ስስል ኖሬ፣ የተወለድኩበትን ዳገት አንድ ቀን ከላይ ማየት አማረኝ። አምሮት በዚህ ዕድሜ ሲመጣ መዘዝ አያጣም።

ድሮን በአገራችን ዝም ብለው ገዝተው የሚያበሩት ነገር አይደለም። መጀመሪያ ፈቃዱ ነው፤ እቃው በኋላ ይደረስበታል። ማመልከቻ ጻፍኩ፤ የነዋሪነት ደብዳቤ አመጣሁ፤ የሥራ ቦታዬን ደብዳቤ አመጣሁ፤ ፎቶ ጎደለ ተባልኩ፤ ፎቶም አመጣሁ። ቅጹ ላይ «ዓላማ» የሚል ቦታ ነበርና «መዝናናት» ብዬ ሞላሁ። የሚቀበለው ወጣት አነበበው፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ እንደገና አነበበው።

«ጋሼ፣ ሰው ለመዝናናት ሶደሬ ይሄዳል እንጂ ይሄን ሁሉ ይለፋል እንዴ?» አለኝ።

ተናደድኩ፤ ግን ልጁ እውነቱን ነበር። ሰርዤ «ለትምህርት መርጃ» አልኩ፤ እሱም ቢሆን ውሸት አልነበረም።

ከስንት ወር በኋላ ወረቀቷ ወጣች። በቀን ብርሃን ብቻ፤ ከሰው በላይ አይበርም፤ ከመሥሪያ ቤትና ከቤተ እምነት ይርቃል፤ የሚነሳውም የሚያርፈውም ከሰፈራችን በላይ ባለው ሜዳ ላይ ነው፤ ከሸጎሌ ገበያ ያልተሸጡ በጎች የሚግጡበት ሜዳ። የባለቤቴ ወንድም ከዱባይ ሲመለስ ወረቀቷን አሳይቶ ያስገባልኝ እቃ ከአንድ ትልቅ ብርቱካን አይከብድም። ለአንድ ብርቱካን ሦስት ማኅተም። ወረቀቷን ላሚኔት አስደረግኳት።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አለች ባለቤቴ። ቀጥላም ቃሉን ራሱን ከቤት አገደችው። ልክ ነበረች፤ ድሮን ማለት በዚህ አገር ሰው ዜና ላይ ሰምቶ የሚደነግጥበት ስም ነው፤ መጫወቻ ነው ቢሉት ማንም አያምንም። ስለዚህ እኛ ቤት ስሙ «ያ እቃህ» ሆነ። እኔም የሰው ዓይን እንዳይበዛበት ብዬ ዘንቢል ውስጥ አስገብቼ፣ በጋዜጣ ሸፍኜ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በጠዋት ወደ ሜዳው መውጣት ጀመርኩ።

ጉዱን ያፈላው ይኸው ጥንቃቄዬ ነው። የተሸፈነ ዘንቢል ይዞ በየቅዳሜው ማለዳ ዳገት የሚወጣ፣ ሲመለስ ደግሞ ፊቱ የሚፈካ ጎልማሳ ምን ይባላል? ጠንቋይ ቤት ዶሮ ይወስዳል ተባለ። የዶሮው ቀለም ሳይቀር ተነግሯል፤ ገብስማ ነው አሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነውና እኔ የሰማሁት ከሁሉ በኋላ፣ የእድራችን ዳኛ ወደ ጥግ ወስደው «ልጄ፣ መጀመሪያ ጸበሉን ብትሞክረው ምን አለበት?» ሲሉኝ ነው።

በንዴት ላሚኔቷን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ እቃውን በእጄ ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ። ዶሮ አለመሆኑን ሁሉም በዓይኑ አየ። አንዳንዱ ዶሮ ቢሆን ይሻል ነበር የሚል ፊት አሳየኝ።

ወረቀቷን ከሁሉ አተኩረው ያነበቡት ሐጂ ናቸው። ሐጂ አጥራችን አንድ የሆነ ጎረቤቴ ናቸው፤ መንገዱ ጥግ ላይ ሱቅ አላቸው። እናቴ የሞተች ጊዜ ሱቃቸውን ሦስት ቀን ዘግተው ድንኳን ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡ ሰው ናቸው፤ ከብዙ ዘመዶቼ ይልቅ እሳቸውን እወዳለሁ። ስኳር በሽታ አለባቸው። ባለፈው ዓመት አንድ የእግር ጣታቸው ተቆርጧል፤ ከዚያ ወዲህ የሚበሉትን ባለቤታቸውና ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው እንደ ድንበር ይጠብቁታል።

«ከላይ ሆኖ ሲያይ የሰው ግቢ አያይም?» አሉኝ፣ ወረቀቷን እየመለሱልኝ።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። በሰፈራችን ቆርቆሮ ሊመታ ጣሪያ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ሦስት ጊዜ ይጣራል። «ጣሪያ ልወጣ ነው፣ ጣሪያ ልወጣ ነው» ይላል፤ ከአጥሩ ወዲያ ያሉ ሴቶች ነጠላም ሻሽም ጣል ያደርጋሉ፤ የሚታጠብ ይገባል፤ ከዚያ «ውጣ» ይባላል። ሳይጣራ የወጣ አናጢ ሁለተኛ በሰፈራችን ሥራ አያገኝም። እኔም ለሐጂ ቃል ሰጠሁ፤ ከሜዳው ጫፍ ወደ ቤቶቹ አንድ ክንድ አላወርደውም አልኩ። እጃቸውን ዘረጉልኝና ተጨባበጥን።

ቃሌን ያፈረስኩት በፈተና ሰሞን ነው። ጠዋቱን ፈተና ላይ ስለነበርኩ የዚያን ቅዳሜ ወደ ሜዳው የወጣሁት ከሰዓት በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ ከእንጦጦ የሚወርደውን ነፋስ በቀስት እየሳልኩ የማስተምረው እኔው ነኝ፤ የማውቀው ግን ሰሌዳ ላይ ብቻ ኖሯል። እቃዬን ይዞት ወደ ቤቶቹ ወረደ። ወደ እኔ ና ብዬ ብጫነው ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ወደ ኋላ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ነፋስ ከመሬት ሲቀርብ ስለሚደክም ዝቅ ማድረግ። ዝቅ አደረግኩት፤ ያዘልኝና ቆመ። የቆመው ግን ከሐጂ ግቢ በላይ፣ ከሰርቪስ ቤታቸው ጣሪያ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው። እኔ ከመውደቅ ማዳኔ ነው፤ ከታች ላለ ሰው ግን ጎንበስ ብሎ ማየት ማለት ነው።

የሐጂ ሴት ልጆች ጩኸት ሜዳው ድረስ ተሰማኝ። እንደምንም መልሼ አሳርፌ፣ ዘንቢሉን ይዤ እየሮጥኩ ስወርድ ሐጂ በራቸው ላይ ቆመው፣ ግማሹ ሰፈር ከቧቸው አገኘኋቸው።

«ልጆቼ ጸጉራቸውን ሊታጠቡ በወጡበት ሰዓት» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ቃል ሰጥተኸኝ ነበር።»

ገብተው በሩን ዘጉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታዬን አልመለሱልኝም።

እቃው የሚያየውን ሁሉ ይቀርጻል። ያን ቀን ባለቤቴ ሳታይ ስልኬ ላይ ከፈትኩት፤ ልጆቹን አይቻቸው ከሆነ ራሴን ምን እንደማደርገው አላውቅም ነበር። ልጆቹ የሉበትም። የሚታየው የሰርቪስ ቤቱ ጣሪያ፣ ጣሪያው ላይ ጥቁሩ የውሃ ታንከር፣ ከታንከሩ ጀርባ ደግሞ ሐጂ ናቸው። ውሃችን በፈረቃ ስለሚመጣ ሐጂ በየቀኑ «መጣ አልመጣ ልየው» እያሉ ደረጃውን ይወጣሉ፤ ባለቤታቸው ስለዚህ ትጋታቸው ለባለቤቴ እያነሱ ያመሰግኗቸዋል። ሐጂ ታንከሩን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ የባቅላባ ካርቶን አለ። ሁለቱም ጉንጫቸው ሞልቷል። ቀና ብለው በቀጥታ ካሜራውን ያያሉ፤ ማኘካቸውን አቁመዋል።

ትራስ ነክሼ ሳቅሁ። ደግሜ አየሁትና ደግሜ ሳቅሁ። በሦስተኛው ጊዜ ግን ዓይኔ ወደ እግራቸው ሄደ። ጫማቸውን አውልቀው ነበር፤ የተቆረጠችው ጣት ቦታ በግልጽ ይታያል። ከዚያ በኋላ አልሳቅሁም።

ከሳቁ ቀጥሎ የመጣው ንዴት ነው። ሐጂ እንዳየኋቸው ያውቃሉ። ቀድመው የጮኹት ለዚህ ነው። ስሜን ሸጠው ባቅላባቸውን ገዙ። ቪዲዮውን ለአንድ ሰው ባሳይ እኔ ንጹህ እሆናለሁ፤ እሳቸው በልጆቻቸው ፊት ይዋረዳሉ። ባላሳይ ደግሞ እኔ የሰው ሴት ልጅ አጮልቆ የሚያይ ባለጌ ሆኜ እቀራለሁ፤ እሳቸውም እግራቸው እስኪቆረጥ ታንከር እየጎበኙ ይበላሉ። የቱንም ብመርጥ አንዳችን እንጎዳለን።

ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሆንኩ። ስሄድ ሴቶች ቀና ብለው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። የሚኒባስ ሰልፍ ላይ ከፊቴ ያለው ሰው ቦታውን ለቆልኝ ወደ ኋላ ሄደ። ባለቤቴና የሐጂ ባለቤት በአጥር ላይ ድስትና ወሬ መቀባበል አቆሙ፤ ይህ በሃያ ዓመት ሆኖ አያውቅም።

«ቪዲዮው አለህ አይደል? አሳያቸውና ገላግለን» አለችኝ ባለቤቴ።

«አላሳይም።»

«እንግዲያው የምትደብቀው አለ ማለት ነው።»

የምደብቀው ነበረኝ። እሷም ትራሷን ይዛ ሳሎን ተኛች።

በዘጠነኛው ቀን፣ እሑድ፣ የእድሩ ድስትና አግዳሚ ወንበር በሚቀመጥበት ቤት ውስጥ እኔና ሐጂ ለሽምግልና ተጠራን። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ ዳኛው ጸበል የመከሩኝ እኚያው ሰው ናቸው። እኔ ጥፍር የምታክለውን የማስታወሻ ካርድ ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ። እስከ በሩ ድረስ አላሳይም ብዬ ነው የመጣሁት፤ ነገር ግን ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ስንት ቀን ነው ስታያቸው የኖርከው?» ሲሉኝ ደሜ ፈላ። ካርዱን ከስልኬ ጋር አገናኝቼ ወደ ፊታቸው ዘረጋሁት።

ሦስቱም ባንድ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

«ውሰደው» አሉ ዳኛው፣ የተደረደረውን ድስት እያዩ። «እኛ ካየነውማ አንተ ያየኸውን አየን ማለት ነው።»

«ሳያዩ እንዴት ይፈርዳሉ?»

«አይቶ የሚፈርድ ከአንተ ጋር አብሮ ይከሰሳል።»

እንዲህ ያለ ማስረጃ አጋጥሟቸው አያውቅም። ተከራከሩ፤ አንደኛው «ዓይናችንን ጨፍነን ድምፁን ብቻ እንስማ» አሉ። በመጨረሻ ዳኛው በራሳቸው ጥበብ ተደስተው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ይህን ማየት የምትችለው እናት ናት። ሐጂ፣ ባለቤትዎን እናስጠራ» አሉ።

ሐጂ አዩኝ። በዘጠኝ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ፊታቸው አመድ መስሏል። ተማሪ ሲኮርጅ ስይዘው የሚያየኝን አስተያየት ነው ያዩኝ፤ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው። አንጀቴን በሉት። ካርዱን ከስልኬ አወጣሁና በጣቴ ልሰብረው ሞከርኩ። እምቢ አለ። ጉልበቴ ላይ ሞከርኩት፤ ተንሸራቶ አግዳሚው ሥር ገባ። በአራት እግሬ ሄጄ አወጣሁትና በመንጋጋዬ ነከስኩት። ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ከመንጋጋ ጥርሴም ሽራፊ አብሮ ወጣ።

«ይሄ ማለት አምነሃል ማለት ነው» አሉ ዳኛው፣ አሁን ያለ ፍርሃት እያዩኝ።

«ቃሌን አፍርሻለሁ» አልኩ። እሱስ እውነት ነው፤ አንድ ክንድ አላወርደውም ያልኩትን ግቢ ድረስ አውርጄዋለሁ።

ተፈረደብኝ። ሁለት ወር አላበርም፤ ከዚያ በኋላም እንደ ማንኛውም ቆርቆሮ መቺ ሜዳው ጫፍ ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ ተጣርቼ ነው የማበረው። የዘንቢሉ ጥንቃቄ በዚህ ቀረ። የሐጂንም ጉልበት ስሜ ይቅርታ እንድጠይቃቸው ተባለ።

ጎንበስ ስል ሐጂ በሁለት እጃቸው ያዙኝና አነሱኝ፤ አቀፉኝ። ሽማግሌዎቹ «አቤት ደግነት» አሉ። የእሳቸው ደግነት፤ ልብ በሉ። ጥርሴ ይጠዘጥዘኛል፣ ባለቤቴ ሳሎን ተኝታለች፣ ደጉ ሰው ግን እሳቸው ናቸው። ዝም ብዬ ብወጣ ኖሮ ጨዋ እባል ነበር። ግን ቁጡ ነኝ።

«ሐጂ» አልኳቸው በጆሯቸው፣ «እኔ ይቅር ብዬዎታለሁ። እግርዎ ከተቆረጠ ግን ይቅር አልልዎትም።»

እቅፋቸው ጠበቀ። ለይቅርታ ከሚያስፈልገው በላይ ቆዩ። ሽማግሌዎቹ ማመስገናቸውን ጨርሰው ወንበር ማንሳት ጀምረዋል።

«ብቻዬን አልነግራትም» አሉኝ ቀስ ብለው። «አብረኸኝ ግባ።»

እጄን ይዘው ወጣን። ሲያነክሱ እኔም እርምጃዬን ቀነስኩ። በሩን ከፍተው አስገቡኝ። ባለቤታቸው በረንዳው ላይ ከልጆቻቸው ጋር ምስር ይለቅሙ ነበር። ልጆቹ እኔን ሲያዩ ሻሻቸውን ሳቡ። እናቲቱ ሰፌዱን ከጭናቸው አላነሱም፤ እኔን እንዳላየ አልፈው ባላቸውን ብቻ አዩ።

«ደግሞ ዛሬ ምን አጠፋ?» አሉ።

ሐጂ ወደ በረንዳው ጠጋ አሉ፤ እጄን አልለቀቁኝም።

«እሱ አይደለም» አሉ።