የዝንጀሮው ጣሳ

ወደ ግንባር ተነሱ የተባልነው ሳይነጋ ነበር። ረፋድ ላይ የምንይዘውን ተራራ አየነው፤ ሰው ረግጦት የሚያውቅ አይመስልም። ሰስ ከቋጥኝ ቋጥኝ ይዘላል። ሽኮኮዎች ድንጋይ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ዝንጀሮዎች በመንጋ ሆነው ቁልቁል ያዩናል። የድንበሩ ጦርነት ጊዜ ነው። እኔ የመቶዋ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ።

ምሽግ ቆፈርን። ከፊታችን እሾሃማ ሽቦ ዘርግተን ጠጠር የያዙ ባዶ ጣሳዎች አንጠለጠልንበት፤ ጠላት ሽቦውን ሲነካ እንዲንኳኩ ነው። መድፍ መጮህ ሲጀምር መጀመሪያ ሰሱ ጠፋ፤ ሽኮኮውም ተከተለ። ዝንጀሮዎቹ ግን ኮቾሯችንን ለመዱ። ያንን ደረቅ የስንቅ ብስኩት ከነከረጢቱ ይዘው ይሮጣሉ።

የመቶ መሪያችን ተቆጣ። «ከነገ ጀምሮ ተኩሱባቸው» አለ።

ጓዳችን ሙዲን የእንሴኖ ልጅ ነው፤ ዝንጀሮዎቹ አሳዘኑት።

«ጥይት አያባክኑ፤ ለእኔ ይተዉልኝ። በእኛ አገር ዝንጀሮ በቆሎ ሲያጠፋ አንዱን ይዘን የሚንኳኳ ነገር አንገቱ ላይ እናስርበታለን። እሱ ወደ ወገኖቹ ሲሮጥ እነሱ ከእሱ ሲሸሹ አገር ጥለው ይሄዳሉ።»

አንዱን ጎረምሳ ዝንጀሮ በኮቾሮ አባብሎ በገመድ አጠመደው። ጆንያ አልብሶ ጠጠር ያለበት ጣሳ አሰረለትና ለቀቀው።

«ሙሽራ አስመሰልከው» አልኩት።

«ሚዜው አንቺ ነሽ፣ እህቴ» አለኝ።

መንጋው በዚያው ጠፋ። ባለጣሳው ብቻውን ቀረ። ሲመሽና ሊነጋ ሲል በሽቦው አጠገብ እየተንኳኳ ያልፋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳቅን። በኋላ ማንም አልሳቀም።

አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ ጣሳ ተንኳኳ። ጥበቃ ላይ የነበሩት ጠመንጃ አነሱ። ሙዲን አብሯቸው ነበር።

«ተዉት፣ ያ ምስኪን ነው» አለ።

ያ ምስኪን አልነበረም። የእጅ ቦምብ ምሽጋችን ውስጥ ወደቀ። ተኮስን። በሬዲዮ እርዳታ ጠራሁ፤ የራሴ ድምፅ አይሰማኝም ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ምሽጉ በእጃችን ነበር።

ስድስት ጓዶቻችንን በብርድ ልብስ ጠቀለልን። አንዱ ሙዲን ነው። ከሽቦው ማዶ የወደቁትም የእኛው እኩዮች ነበሩ። አፈር ስናለብስ ከገደሉ ላይ ጣሳ ተንኳኳ። የመቶ መሪያችን ቀና ብሎ አየ። ጠመንጃውን አላነሳም።

ጌታ ይመስገን፣ እኔ ተመለስኩ። ቡታጅራ ገብቼ ትዳር ያዝኩ፤ ወለድኩ። ወደዚያ አገር የሚመላለስ ሹፌር ዝንጀሮዎቹ ወደ ተራራው ተመልሰዋል ብሎኛል። በእኛ ምሽግ በኩል ግን አይወርዱም አለ፤ እዚያ የተቀበረው ፈንጂ ገና አልተለቀመም። ሰስ ደግሞ ጭራሽ አይቶ አያውቅም። ስለ ባለጣሳው ልጠይቀው ፈልጌ ስለ መንገዱ ጠየቅኩት።

ቤቴ የቲማቲም ጣሳ ባዶ ሲሆን ረግጬ ሳልጨፈልቅ አልጥልም። ልጆቼ ይገርማቸዋል። የጎረቤቱን ግን ምን አደርገዋለሁ? ነፋስ ከዘቢዳር ተራራ ሲወርድ አንዳንዴ አንዱ ጣሳ ደጃችን ላይ ይንከባለላል። ያን ጊዜ ከአልጋዬ እነሳለሁ።

«ተይው እማዬ፣ ነፋስ ነው» ይሉኛል።

ወጥቼ አያለሁ። ተመልሼም እያንዳንዳቸውን በየመኝታቸው አያቸዋለሁ። ጌታ ይመስገን፣ ሁሉም አሉ።