የሚስቴ አቋራጭ

ሚስቴ የምትሄድበትን መንገድ አጥረው ዘጉብን። ሲዘጉትም የኔን ፊርማ ይዘው ነው። በደሉ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ድሮ ቤታችን ላሊበላ መሐል፣ ከቤተ ክርስቲያኖቹ አጠገብ ነበር። ቅርሱ ይጠበቅ ተብሎ ከዚያ አነሱንና ከከተማው ወጣ ያለ ጋራ ላይ አሰፈሩን። ቤቶቹ በረድፍ የቆሙ ናቸው፤ ቧንቧው ደጅ ድረስ ገብቷል፤ ባጃጅ በር ላይ ይቆማል። ሰው ተመቻቸው አለን፤ እኔም የተመቸን መስሎኝ ነበር። በአሮጌው ሰፈር ሚስቴ ለውሃ ቁልቁል ወርዳ ሽቅብ ትወጣለች፤ ለቅዳሴ በደረጃው ትወርዳለች፤ እህል ተሸክማ ወፍጮ ቤት ትሄዳለች። አንድም ቀን እግሬን ላፍታታ ብላ ተነስታ አታውቅም። የሚያንቀሳቅሳት ሥራዋ ነበር። አዲሱ ሰፈር ሥራዋን ወሰደባት። በሁለተኛው ክረምት ወፈረች። ቀጥሎ ውሃ ጥም መቆሚያ መቀመጫ አሳጣት። ከዚያ ስኳር ነው ተባለ።

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ደህና ልጅ ናት። «እማማ፣ ኪኒኑን ብቻ አይመኑ። በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ» አለቻት።

«ወዴት ልሂድ?» አለች ሚስቴ።

«ወዴትም። ዝም ብለው ይሂዱ።»

«ዝም ብሎማ የሚሄድ እብድ ነው፣ ልጄ።»

ነርሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ሚስቴ እውነቷን ነው። በኛ አገር ትልቅ ሴት ባዶ እጇን ያለ ጉዳይ አትዞርም። ወይ ለቅሶ ነው፣ ወይ ገበያ፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን፣ ወይ ውሃ። ፈረንጅ በጠዋት ሲሮጥ ስናይ ምን አሳደደው የምንል ሰዎች ነን።

ስለዚህ ጉዳይ ፈጠርኩላት። ጀሪካን ሰጠኋትና በአቋራጩ ወርደሽ ከምንጩ ውሃ አምጪ አልኳት።

«ቧንቧ ደጄ ላይ እያለ? ሰው ምን ይለኛል?»

«የምንጭ ውሃ ለጠላ ይጥማል በያቸው።»

«ጠላ መጥመቅ ከተውኩ ስንት ጊዜዬ። አንተ ሰውዬ፣ ውሸት እንኳ አይሆንልህም።»

ሄደች ግን። አቋራጩ ከሰፈራችን በወይራዎቹ መሐል ወርዶ፣ ምንጩን አልፎ፣ ገበያው ጋ ይወጣል። መኪና አይገባበትም፤ ጥላ አለው፤ የደከመ የሚቀመጥበት ድንጋይ አለው። ጎረቤቶቿ መጀመሪያ አሽሟጠጡ። አንዷ «ለጀሪካኑ ነው እንዴ ሐኪም ያዘዘለት፣ በየቀኑ የምታናፍሺው?» አለቻት። ሰንበትበት ሲል እሷም ጀሪካን ይዛ ተከተለቻት። በኋላ አራት አምስት ሆነው እየተንጫጩ ነበር የሚወርዱት። የሚስቴም ስኳር ወረደ። ነርሷ ካርዱን አይታ «ምን አደረጉ፣ እማማ?» ብትላት «ውሃ ቀዳሁ» አለቻት።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። አንድ ባለሀብት ከታች ሎጅ ሊሠራ ነው፣ ሰፈሩ ይለማል ተባለ። ሲያበቃ ወረቀት ዞረ። ያዞረው ሰው «የተሰብሳቢ ፊርማ ነው» አለ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሽበት ካወጣሁ በኋላ፣ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ነው። አነባለሁ፤ ግን ቀስ እያልኩ፣ በጣቴ እየተከተልኩ። ሁለት መስመር እንዳነበብኩ ከኋላዬ ያለው ጎረምሳ «አባቴ፣ ዳዊት እየደገሙ ነው እንዴ?» አለ። ሰው ሳቀ። አፈርኩ። ደግሞ ሌላው አውራ ጣቱን ቀለም ሲነክር እኔ ስሜን በእጄ መጻፌ ያኮራኝ ነበር። ፈረምኩ። ያላነበብኩት መስመር፣ አቋራጩ ወደ ሎጁ ግቢ እንዲጠቃለል ነዋሪው ተስማምቷል ይላል። ይህን ያወቅሁት የቆርቆሮ አጥር ከቆመ በኋላ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነው።

«መንገዳችን ነው» አልኩት ኃላፊውን።

ፕላን ዘረጋልኝ። «የቱ ጋ ነው? ያሳዩኝ፣ አባቴ።»

ፈለግሁ። ሰፈራችን አለ። አስፓልቱ አለ። ምንጩ እንኳ አለ። አቋራጩ የለም። የእግር መንገድ ብሎ የሣለ ሰው የለም።

«ሰው ግን ይሄድበታል።»

«ባጃጅ አለላችሁ አይደል? በምን ተቸገራችሁ?»

ያመመን ባጃጁ ነው አልኩት። አልገባውም። አቤቱታዬን ጽፌ አስገባሁ።

ማታ ሚስቴ «ፈርመሃል አሉ» አለችኝ።

«ፈርሜያለሁ።»

«ሳታነብ?»

«ሳላነብ።»

ከዚያ ወዲህ አንስታው አታውቅም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በአስፓልቱ ሞከረች። ለእግረኛ የሚሆን ዳር የለውም፤ አይሱዙ ሲመጣ ያለው ምርጫ ቦይ ውስጥ መግባት ነው። ጎረቤቶቿ ሳምንት ሳይሞላ ተዉት። እሷ ትንሽ ቆየች፤ ለኔ ብላ ይመስለኛል። አንድ ቀን ከመኪና ስትሸሽ ቦዩ ውስጥ ምስማር የፕላስቲክ ጫማዋን በስቶ እግሯን ወጋት። በስኳሩ እግሯ ደንዝዞ ስለነበር አልተሰማትም። እኔም ያወቅሁት ከቀናት በኋላ ሲሸተኝ ነው። ካልሲዋን ሳወልቅ ጣቶቿ ጠቁረዋል። ሆስፒታል አደረስናት፤ ከጉልበቷ በታች ቆረጡት። ሐኪሙ ለምን ቀድማችሁ አልመጣችሁም አለ።

ቤት ከተመለሰች በኋላ ሦስት ሰዎች አቤቱታውን ሊያጣሩ መጡ። አጥሩን ለኩ። ጎረቤቶቹን ጠየቁ፤ እነሱም ባጃጅ ለምደናል አሏቸው። ከዚያ ወደኛ መጡ። ሚስቴ በር ላይ ተቀምጣ ነበር።

«በመንገዱ የሚጠቀመው ማነው?» አለኝ አንደኛው።

«እሷ ናት።»

ሦስቱም ወደ ታች አዩ። የጠየቀኝ ሰው ነጠላዋ የሸፈነውን ቦታ እያየ የሆነ ነገር ጻፈ። ሚስቴ «ቁጭ በሉ እንጂ፣ ቤት አይደለም እንዴ» አለቻቸው። ቸኩለናል ብለው ሄዱ።

ደብዳቤው መጣ። አመልካቹ በአሁኑ ጊዜ በመንገዱ የሚጠቀም የቤተሰብ አባል ስለሌላቸው ጉዳዩ ተዘግቷል ይላል። ማኅተም አለው። ቀኑ ታኅሣሥ ሃያ ነው፣ የገብርኤል ማግስት።